ክብር ለቱታ ለባሾች

በአዲስ አበባ ስፖርት የሚሰራ ሰው ጠፋ የሚሉ አሉ። ዓይናቸውን ይታዩ። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ወጣ ይበሉና ቱታ ያልለበሰ ሰው ይፈልጉ። ቱታ ለብሶ ዳቦ የሚገዛ አለ። ቱታ ለብሶ መኪና የሚያሳጥብ አለ። ቱታ ለብሶ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥማ ስፍር ቁጥር የለውም። እኔም ይህን የምጽፈው በቱታ ነው። ቁጭ ብዬ።

ዛሬ ማመስገን የፈለግሁት እነዚህን ወገኖቼን ነው። ስፖርትን ያለ እንቅስቃሴ መስራት የቻሉትን። ፈረንጅ ይህን ገና አልደረሰበትም።

ደግሞስ እኛ ምን አስሮጠን? አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦልናል። ለሁላችንም ነው የሮጠው። ቢካፈል ለነፍስ ወከፍ ስንት ይደርሰን እንደሆነ አላሰላሁትም እንጂ ድርሻዬን እንደተወጣሁ ይሰማኛል። ታላቁ ሩጫም አለ። በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ቲሸርቱ ያልገባበት ቤት መኖሩን እንጃ። አስሩን ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ይሮጣል፣ እሰየው። ሌላው እየጨፈረ፣ ፎቶ እየተነሳ፣ በየመሃሉ አቋራጭ እየፈለገ ይደርሳል። (ጭፈራውስ ደህና ስፖርት ነበር። ግን አልነግራቸውም፤ ከሰሙ ይተዉታል።) ቲሸርቱ ግን ሯጭና ቆሞ ቀር አይለይም። ወለል መወልወያ እስኪሆን ድረስ ዓመቱን ሙሉ ስፖርተኛ ያሰኛል።

ቦርጭንም ሳላነሳ አላልፍም። ቦርጭ በእኛ ዘንድ እንዲሁ የሚታይ ነገር አይደለም። ከሩቅ ነው የሚታየው። «ውይ ተመችቶሃል! አምሮብሃል!» ይባልለታል። የከሳ ሰው ግን ወዮለት። አንድ ወዳጄ ሐኪም ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል ቢለው ስድስት ወር ሙሉ በሌሊት እየተነሳ ሮጦ አስራ ሁለት ኪሎ ቀነሰ። አክስቱ በር ላይ አይተውት አለቀሱ። «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘህ? ስራ ለቀቅህ?» ጎረቤት ተጠራ። ጸበል ይሂድ ተባለ። ሚስቱም በሐሜት ተነካች፣ አታበላውም ተብላ። ወዳጄ ነገሩ ሲከፋ ሩጫውን ተወ፣ በሦስት ወሩም ቦርጩ በክብር ተመለሰ። አሁን ቤተሰቡ በሙሉ ሰላም ነው። የደም ግፊቱን ነገር የጠየቀ የለም።

በዚህ ጥበብ የሰፈራችንን ጋሼን የሚያህል ግን አላየሁም። ስማቸውን አልጠራም። ጋሼ መስከረም በጠባ ቁጥር ጂም ይመዘገባሉ። ከነጓደኞቻቸው። አዲስ ቱታ፣ አዲስ ስኒከር፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠል ነጭ ፎጣ። ገብተው ትሬድሚሉ ላይ ይወጣሉ። ማሽኑን አያስነሱትም። እሱ ላይ ቆመው ስልክ ያወራሉ፤ ኔትወርክ ጥሩ የሚሰራው እዚያ ነው ይላሉ። ቀጥሎ ዳምቤል ይመርጣሉ። ሦስቴ አንስተው በመስታወት ክንዳቸውን ያያሉ። በሁለቱም ክንድ ሲደመር ስድስት ነው፤ ከዚያ ያርፋሉ። እረፍቱ ረዘም ይላል፣ የመሬት ዋጋ ይወራበታል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳን ሃያ ደቂቃ እንራመድ፣ ለልብዎ ነው» አላቸው ኮቹ አንድ ቀን።

«አንተ ልጅ፣ ልቤ ምን ሆነ? እኔ ልቤ ሙሉ ነው!»

ዋናው ስፖርት የሚጀምረው ስቲም ውስጥ ነው። እዚያ ላብ ይወርዳል፣ ለዚያውም ቁጭ ተብሎ። ጋሼ አንዳንዴ ሆዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚገቡት፤ ስቡ ይቀልጣል ብለው። ከዚያ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ግማሽ ኪሎ ቀንሷል! ይህች ግማሽ ኪሎ ውሃ ናት፣ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጡ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ግን ደስታን በምክንያት ማበላሸት ነውር ነው። ደስታው ደግሞ ማወራረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጂሙ በቀጥታ ቁርጥ ቤት ይኬዳል። ግማሽ ኪሎ ላብ ለወጣበት አንድ ኪሎ ስጋ፣ ጮማው ያልተነካ፣ በአዋዜና በሚጥሚጣ። ድራፍቱ የጠፋውን ፈሳሽ ለመተካት ነው። ይህ የሕክምና ምክር መሆኑን ከራሳቸው አንደበት ሰምቻለሁ።

በዚህ መሃል ሰላማችንን የሚነሱ ተመራማሪዎች አልጠፉም። አሜሪካ፣ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉት ክብደታቸው የበዛ፣ ደም ግፊታቸውም ከፍ ያለ 406 ሰዎችን ሰበሰቡ። እድሜያቸው ከ35 እስከ 70። ማለትም ጋሼንና ጓደኞቻቸውን። በአራት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ብረት ብቻ ያነሳል። አንዱ ትሬድሚልና ሳይክል ብቻ። አንዱ ግማሽ ሰዓት ብረት፣ ግማሽ ሰዓት ሩጫና ሳይክል። የመጨረሻው ምንም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ አንድ ዓመት ሙሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጣ። ደም ግፊት፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ስኳርና የሰውነት ስብ አንድ ላይ ሲመዘኑ፣ የልብ ሕመም ስጋታቸው የቀነሰው ሳይክልና ትሬድሚል ላይ የነበሩትና ግማሽ በግማሽ ያደረጉት ናቸው። ብረት ብቻ ያነሱት በዚህ ሚዛን ቁጭ ካሉት ያን ያህል አልተለዩም። ግማሽ በግማሾቹ ተጨማሪ ሰዓት ሳይከፍሉ ጡንቻውንም አገኙት።

ይህን ለጋሼ ሳነብላቸው ፊታቸው በራ።

«አየህ! ብረት ያነሳና ቁጭ ያለ እኩል ነው አሉ?»

«በልብ በኩል ማለታቸው ነው ጋሼ። ጡንቻውማ...»

«በቃ! ታዲያ ብረቱን በከንቱ ነው የደከምኩበት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳምቤሉን ተዉት። ሳይንስን በዚህ ፍጥነት ስራ ላይ ያዋለ ሰው አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከር አለበት ማለቱን ልጨምርላቸው ነበር፣ አስተናጋጇን ስለጠሩ ሃሳቤ ተቋረጠ።

ይኸው ድርጅት ሌላም ነገር ይላል። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ። ፈጠን ብሎ እንደመራመድ ያለ። ከየት ይመጣል? ሳምንት ያለው 10,080 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ የመንገድ መዘጋጋት አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ የእንግሊዝ ኳስ አለ። ኳሱ ብቻ ከነጭማሪው ከመቶ ደቂቃ አያንስም፤ በዚያ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ለእኛ ሲሮጥ እያየን እኛም ከተንቀሳቀስን ድግግሞሽ ነው። አንድ ፌርማታ በእግር ይሄዳል የሚል ሰው ደግሞ የሂሳብ ጉድለት እንዳለበት ነው የሚቆጠረው።

ስለ ታክሲ ከተነሳ፣ ሎንዶን ውስጥ ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማዋን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ሹፌሮችና ትኬት ቆራጮች አነጻጸረ። ሰዎቹ የሚሰሩት አንድ አውቶቡስ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት በልብ ሕመም የበለጠ ሲመቱ የተገኙት ሹፌሮቹ ሆኑ። ይህንንም ለጋሼ ነገርኳቸው።

«እና ወያላ ልሁን ነው የምትለኝ?»

እውነታቸውን ነው። እንኳን ጋሼ፣ እኔስ ብሆን ልጄን ወያላ ይሁንልኝ ብዬ ስዕለት እሳላለሁ? በእኛ አገር ከፍ ማለት መቀመጥ ነው። ኃላፊ ይቀመጣል፣ ተላላኪ ይሮጣል። የወንበሩ መደገፊያ ሲረዝም ማዕረጉም ይረዝማል።

ባለፈው ሐሙስ ግን ጋሼ ተፈተኑ። ጂሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል። ጋሼ ከነቱታቸው፣ ከነነጭ ፎጣቸው ታች የዘበኛው ወንበር ላይ ተቀመጡና ለኮቹ ደወሉ። ኮቹ ወረደ። የወሩን ክፍያ ተቀብሎ ወጣ፣ ደረሰኝ ይዞ ወረደ። ደረሰኙ ላይ ስማቸው ተሳስቷል። ወጣ፣ አስተካክሎ ወረደ። ስቲሙ እየሰራ እንደሆነ አይቶ እንዲነግራቸው ላኩት። ወጣ። በመብራት ነው የሚሰራው፣ አይሰራም፤ ወረደ። ባለፈው የረሱት ነጠላ ጫማ ትዝ አላቸው። ልጁ ሲመለስ ከናቴራው ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ጉንጩ ቀልቷል። እድሜ ይስጠው፣ ልቡ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር።

ጋሼ ነጠላ ጫማቸውን ተቀብለው በፌስታል አደረጉ። ፎጣዋን ከአንገታቸው አውርደው ግንባራቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። ከዚያ የልጁን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣

«ዛሬስ በደንብ ሰራን!» አሉት።