«ወንድ ናት እኮ!»

ደሴ ውስጥ ሒሳብ የምትችል ሴት ሳትመሰገን አትቀርም። ምስጋናው ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃት፦ «ወንድ ናት እኮ!» ወጪ የለው፣ ማሰብ አይጠይቅ። እንዲህ ያለ ቸር ሕዝብ ከየት ይገኛል?

ባለፈው ሰኞ ገበያ ወርጄ 3 ኪሎ ተኩል በርበሬ አስመዘንኩ። ስልኬ ላይ ካልኩሌተሩን ፈልጌ እስካገኝ ሻጯ ዋጋውን ነገረችኝ፣ ካለፈው የቀረልኝን ቀነሰች፣ መልሴን ቆጥራ ሰጠችኝ። አጠገቤ የቆሙ አባት ተደነቁ። «ይቺስ ወንድ ናት!» አሉ። እሷ ሚዛኗን እያራገፈች፣ «አባባ፣ ወንዱማ ይኸው ስልክ ይነካካል» አለቻቸው። እኔን ነው።

ይህ ሙያ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፈረንጅም ያውቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1890 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፊሊፓ ፋውሴት የምትባል ተማሪ የሒሳብ ፈተናውን ከወንዶቹ ሁሉ በልጣ አለፈች። ታዲያ አንደኛ ተባለች? ኧረ ወዲያ! አንደኛነቱ ለወንዱ ተሰጠና እሷ «ከአንደኛው በላይ» ተባለች። ምን ዓይነት ደረጃ እንደሆነ የበርበሬ ሻጯን ልጠይቅ አስቤያለሁ። ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። ቸኩሎ ከመሳሳት 58 ዓመት ማሰብ ይሻላል። ፋውሴት እስከዚያ ቁጭ አላለችም፤ ሒሳብ አስተማረች፣ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄዳ ትምህርት ቤት አደራጀች።

ጣሊያናዊቷ ማሪያ አኜዚ ደግሞ ታናናሽ ወንድሞቿን ታስጠና ነበር። በ1748 ካልኩለስ የሚባለውን ከፍተኛ ሒሳብ ለጀማሪ የሚያስረዳ ባለ ሁለት ቅጽ መማሪያ አሳተመች። እንግሊዛዊው ተርጓሚ አንድ ቃል ተምታታበትና በመጽሐፉ ውስጥ ያለችውን ጎባጣ መስመር «ጠንቋይ» አላት። እስከ ዛሬም ስሟ «የአኜዚ ጠንቋይ» ነው። ከዚህስ ወንድ መባል ሳይሻል አይቀርም።

ጀርመናዊቷ የሒሳብ ሊቅ ኤሚ ኖተርማ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር የክፍለ ጊዜው ማስታወቂያ የሚወጣው በሒሳብ ሊቁ በሂልበርት ስም ነበር። (ሰውዬው እንኳ ሊያግዛት ብሎ ነው።)

እኛ ግን እንሻላለን። ነባሩን ትምህርት ቤታችንን በወይዘሮ ስኂን ስም ጠርተናል። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?

በቀደም የጎረቤቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን በሒሳብ ጥሩ ውጤት አልፎ ድግስ ተደገሰ። ዓመቱን ሙሉ ያስጠናችው ታላቅ እህቱ ናት፤ የጓዳው በር አሁንም በኖራ ጠመኔ በክፍልፋይ እንደተሞላ ነው። ሽማግሌዎቹ መረቁት። «የአባቱ ልጅ! ሒሳብ በደሙ ነው!» አባትየው አንገቱን ሰበር አድርጎ ተቀበለ።

ወዲያው ለስላሳ ያመጣው ልጅ ሒሳብ ሊቀበል በር ላይ ቆመ። 7 ሳጥን፣ የተመለሰ ባዶ ጠርሙስ፣ የተሰበሩ 4። አባትየው ወደ ረከቦቱ ጎንበስ አለ። እህትየው ቡናውን ሳታቆም በሹክሹክታ ነገረችው። እሱም ቀና ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሒሳቡን ጮክ ብሎ ተናገረ።