የሠርግ ጫማ ያደረገች መኪና

እኛ ጋ ሰው የሚገመገመው ከእግሩ ነው። የሱፉን ዋጋ ለመገመት ትንሽ ጠጋ ማለት ይጠይቃል። ጫማ ግን ከሩቅ ይናገራል። ፒያሳ ላይ "ይጠረግ ጋሼ?" የሚልህ ሊስትሮ መጀመሪያ ያየው ጫማህን ነው፤ ፊትህን ካየም በኋላ ነው። መኪናም በዚሁ ሕግ እንደምትዳኝ የገባኝ ገንዘቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ያገለገለች ቶዮታ ፕሪየስ ገዛሁ። ሃይብሪድ ናት፤ የቤንዚን ሞተርም የኤሌክትሪክ ሞተርም አላት። የገዛኋት ነዳጅ ለመቆጠብ ነው። ለተፈጥሮ የምቆረቆር ሰው እንዳልመስላችሁ። ቆጣቢ ያደረገኝ የማደያ ሰልፍ ነው።

ሃይብሪድ የያዘ ሰው ሁለት ጥያቄ ይለምዳል። አንደኛው "የት ነው ቻርጅ የምታደርጋት?" ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ ጥያቄው ብሶበታል። የእኔዋ ሶኬት የላትም። ፍሬን ስይዝ የኤሌክትሪክ ሞተሯ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ባትሪዋን ይሞላል። ይህን ለአጎቴ ሳስረዳው ብዙ አሰበና "እንግዲያማ የአዲስ አበባ መንገድ ላንተ ሲሳይ ነው፤ ስትቆም ትውላለህ" አለኝ። ሊቀልድብኝ ፈልጎ እውነቱን ተናገረ። ሃይብሪድ የሚያዋጣው እንደኛ ቆም ሄድ በበዛበት ከተማ ነው። መስቀል አደባባይ መብራት ላይ ቤንዚኑ ሞተር ጸጥ ይላል። አንዴ አጠገቤ የቆመ ሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ፋዘር፣ ጠፋችብህ እንዴ? እንግፋልህ?" ብሎኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ "በሊትር ስንት ትሄዳለች?" ነው። ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ዳሽቦርዷ ላይ 21 የሚል ቁጥር አለ። በሊትር 21 ኪሎ ሜትር! ጠያቂ ሳይመጣም እናገረው ጀመር። ቡና ቤት እናገራለሁ። ዕድር ላይ እናገራለሁ። አንዴ ለቅሶ ቤት አንድ ሽማግሌ "ሟች ቆጣቢ ነበሩ" ሲሉ አፌ ሊያመልጠኝ ሲል ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ቸርችል ጎዳና ደግሞ ለእኔ የተሠራ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ቁልቁል ስወርድ ባትሪው እየሞላ ይሄዳል። ስመለስ ዳገቱ ያንኑ ይበላዋል። ለዘመድ እንደተሰጠ ብድር ነው፤ ሁሉም አይመለስም፣ ከሚቀር ግን ይሻላል።

በዚህ ሁኔታ ደረቴን ነፍቼ እያለሁ የባለቤቴ ታናሽ እህት ሠርግ ደረሰ።

መኪናዬን ለአጃቢ አቀረብኩ። የመኪና አስተባባሪው የባለቤቴ ወንድም ነው። በሠርግ ሰሞን እንደሱ ዓይነት ሰው ሥልጣኑ ከባድ ነው። ፕሪየሷን አንድ ጊዜ ዞራት። ከዚያ ቁጢጥ አለና ጎማዋን ያይ ጀመር። 15 ኢንች ቸርኬ ናት፤ ላዩ ላይ ግራጫ የፕላስቲክ ክዳን አለው።

"ይሄ ነገር ይነሳል?"

"ይነሳል። ግን ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው ያደረገው። ነፋሱ ጎማው ዙሪያ እንዳይተራመስ..."

ንግግሬን አልጨረስኩም፤ ክዳኑ እጁ ላይ ነበር። ከሥሩ ደህና የአሉሚኒየም ቸርኬ ወጣ። ትንሽ ነበረች። አስተባባሪው የተቀደደ ካልሲ እንዳየ ሰው ፊቱን አዞረ። ክዳኑን መልሶ ገጠመና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አንተ ኬኩን ታመጣለህ" አለኝ።

ሙሽሮቹ በአጀብ፣ በጥሩምባና በቪዲዮ ካሜራ ከተማውን ሲዞሩ እኔ ባለሦስት ፎቅ ኬክ ከኋላ ጭኜ በሌላ መንገድ ሄድኩ። እርግጥ ነው፣ ቀስ ብዬ ስለነዳሁ ያን ቀን 23 አስመዝግቤያለሁ። ለማን ይነገራል?

ሰኞ ዕለት ሱማሌ ተራ ነበርኩ። ባለ 17 ኢንች፣ መስታወት የመሰለ፣ አሥር ጣት ያለው ቸርኬ። ጎማው 215/45። ስፋቱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 45 በመቶ ማለት ነው። ሰፊ ነው፣ ጎኑ ደግሞ ቀጭን፤ ቸርኬው እንዲታይ ቦታ ይለቅለታል። ነጋዴው "በዚህ ስትወርድ ሚስትህም አታውቅህም" አለኝ። አወቀችኝ። ዋጋውን ነው ያላወቀችው።

የተለወጠው ነገር ብዙ ነው። ሆቴል በር ላይ ያለው ጥበቃ ድሮ "ወደዚያ፣ ወደዚያ" ይለኝ የነበረው "እዚሁ ይሁን አለቃ" ማለት ጀመረ። ካዛንቺስ መኪና የሚያስቆሙ ልጆች ሁለት ሆነው ይመሩኛል። ለአንድ ፕሪየስ ሁለት ሰው! የሚከፈለውም የሁለት ሰው ነው። ጉድጓድ ሳይ ልቤ ቀጥ ትላለች፤ ጎኑ ቀጭን ጎማ ቸርኬውን ከመንገዱ አይጠብቀውም። ይሁን፤ ያማረ ጫማ ያደረገ ሰውም ጭቃ እየመረጠ ነው የሚሄደው።

በሦስተኛው ሳምንት ዳሽቦርዱን አየሁት። 18 ይላል።

መጀመሪያ ያማሁት ቤንዚኑን ነው። ባልደረባዬ "ባትሪው ሞቷል፣ ሳይብስ ሽጣት" አለኝ። ስንት እንደሚገዛኝ ግን ወዲያው ነገረኝ። አማቴ "ዓይን ነው ልጄ፤ ይህን ያህል ባታብለጨልጫት ምን ነበረበት" አሉና ጠበል ይረጭባት አሉ። አጎቴማ ምን ጥርጥር አለው፤ "ቻርጅ ሳታደርጋት ከረምክ!"

መልሱን ያገኘሁት ለገሃር አካባቢ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ከሚሠሩ አንድ ጎሚስታ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጣታቸው እንደ ጎማው ጠቁሯል። ለሌላ ጉዳይ፣ አንድ ጎማ ምስማር ወግቶት ነበር የሄድኩት። ክሪክ አስገብተው፣ ቡሎኖቹን ፈትተው፣ ጎማውን ከነቸርኬው አወረዱና "ያዝ" አሉኝ። ያዝኩ። ወገቤ አቤት አለ። ቀጥለው ግድግዳው ላይ የተደገፈ፣ የኔኑ የመሰለ ባለ 15 ጎማ ሰጡኝ። እንደ ሕፃን አቀፍኩት።

"ታዲያ እሷ ይህን ክብደት አራት ቦታ አንጠልጥላ ነው ከመብራት መብራት የምትነሳው" አሉኝ። "አንተ ግን ዘለህ ገብተህ ዘፈን ትከፍታለህ።"

"ጋሼ፣ ፍሬን ስይዝ እኮ ጉልበቱ ወደ ባትሪ ይመለሳል።"

"ከፊሉ ይመለሳል። ና ይቺን ንካት።"

እጄን ይዘው ገና ከመንገድ የገባው ሌላኛው ጎማ ላይ አሳረፉት። ሞቅ ብሏል። እንደ ሻይ ብርጭቆ አይደለም፤ ከብርድ ልብስ ሥር እንደወጣ እጅ ነው። ጎማ ሲሽከረከር መሬት የነካው ቦታ ጠፍጠፍ ይላል፣ ሲነሳ ወደ ቅርፁ ይመለሳል። በእያንዳንዱ ዙር እንዲህ ሲታሽ ይውልና ይሞቃል። የፋብሪካው ጎማ ይህ ብክነት እንዲቀንስ ተብሎ የተመረጠ ነበር። እኔ የገዛሁት አስፋልት አጥብቆ እንዲይዝና እንዲያምር የተሠራ ነው።

"ይቺን ሙቀት የከፈለው ማን ይመስልሃል?" አሉ ጎሚስታው። ዝም አልኩ። "ያንተ ቤንዚን ነው። ይቺ ወደ ባትሪም አትመለስ፣ ወደ ኪስህም አትመለስ።"

ከዚያ መለኪያ አወጡ። ይህን ጉድ ሳልናገር ባልፍ ደስ ይለኛል፤ ግን ተጀምሯል። የጎማ ነፋስ እኔ የምለካው በእርግጫ ነው። አባቴም በእርግጫ ነበር የሚለካው። አንድ ረገጥ፣ ራስ ነቅነቅ፣ "ደህና ነው"። በሾፌሩ በር በኩል ያለው ወረቀት ለዋናው ጎማ ፊት 35፣ ኋላ 33 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል። የእኔ አራቱም 26 አካባቢ ነበሩ። በእርግጫ ሲለካ ሁሉም ደህና ነበር።

ማታ አሜሪካ ላለው ወንድሜ ደወልኩ። እሱ ከእኛ የሚለየው ነገር ሲነገረው ወዲያው ስልኩ ላይ መፈለጉ ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት አራቱም ጎማ በአማካይ 1 ፒኤስአይ በቀነሰ ቁጥር የነዳጅ ቁጠባው 0.2 በመቶ ያህል ይወርዳል ይላል አለኝ። 8 ወይም 9 ሲጎድል ወደ 2 በመቶ ይጠጋል ማለት ነው። ቀጠለና የባሰውን ነገረኝ። የ2023 ፕሪየስ ባለ 17 ኢንቿ በጋሎን 57 ማይል ትሄዳለች ተብላ ስትመዘገብ፣ ባለ 19 ኢንቿ ውድ ሞዴል 52 ነው የተጻፈላት። ወደኛ ሲመለስ በሊትር 24 ኪሎ ሜትርና 22 መሆኑ ነው። ውዷ ሌላ ዕቃም ስለሚበዛባት ክብደቱ ድርሻ አለው። ቢሆንም ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። ለጫማ ብዬ ነዳጅ የምከፍለው እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል የምትማር ልጄ ስልኩን ሰምታለች። ካልኩሌተር ይዛ መጣች።

"አባዬ፣ መኪናዋ ምን ያህል እንደሄደች የምታውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጥራ አይደል?"

"ነው።"

"የድሮው 195/65 ባለ 15 ከጫፍ ጫፍ 634 ሚሊ ሜትር ነው። አዲሱ 625። ቸርኬው ነው እንጂ የተለቀው ጎማው በጠቅላላ አንሷል። ስለዚህ ያው መንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ ይዞራል። አንተ 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ እሷ 101 ተኩል ነው የምትጽፍልህ።"

"እና?"

"18ም ውሸት ነው። 17.7 ነው።"

ከተማችን ጎማ ቁጠባ የሚባል ሰፈር አላት። ነዳጅ ቁጠባ የሚባል ግን የላትም። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ሳልቆጥብ በመሀል ቤት የምትዋሽ መኪና ገዝቻለሁ። በነገራችን ላይ ባትሪው ሞቷል ያለኝ ባልደረባዬ ተቃራኒው ነው የደረሰበት። እሱ ጉድጓድ ፈርቶ በራሱ መኪና፣ በዚያው 15 ቸርኬ ላይ በ195/65 ፈንታ ከፍ ያለ 205/65 ጎማ አስገጥሟል። የእሱ በዝግታ ስለሚዞር 102 ኪሎ ሜትር ሄዶ 100 ይጻፍለታል። ትሑት መኪና ናት፤ የሠራችውን እንኳ አሳንሳ ነው የምትናገረው። "በሊትር 15 ብቻ" እያለ ሲያለቃቅስ የሚከርመውም ለዚህ ነው። ልጄ አስልታለት ስትነግረው በአንድ ቀን አምስት ሰው ጋ ደውሏል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ለገሃር ተመለስኩ። ጎሚስታው 15ቶቹን ከነግራጫ ክዳናቸው ገጠሙልኝ፣ ፊት 35 ኋላ 33 ሞሉልኝ። በሁለት ሳምንት 21 ተመለሰ። የሆቴሉ ጥበቃም "ወደዚያ፣ ወደዚያ" ወደሚለው ተመለሰ። 17ቶቹ ቤት ገቡ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ሁለት ሁለት አድርጋ ደራርባ ጨርቅ አለበሰቻቸው። እንግዳ ሲመጣ የቡና ሲኒ ይቀመጥባቸዋል። ሲነሳም "ይሄ ምንድነው?" ይባላል፤ እሷ "የሱ ጫማ ነው" ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ነፋስ ላስለካ ሄድኩ። መርገጥ ትቻለሁ። ጎሚስታው ለክተው ሲጨርሱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ትንሽ ቆሙ።

"ልጄን እድራለሁ፣ የዛሬ ሳምንት።"

"እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!"

"መኪናህን ለአጃቢ ብታውሰኝ ብዬ ነው።"

"ኧረ ደስ እያለኝ! ነዳጁም ከእኔ ነው።"

አመሰገኑ። መረቁኝም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ግራጫውን ክዳን አዩት፣ ጆሯቸውን እከክ እከክ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እነዚያን 17ቶች... ሸጥካቸው እንዴ?"

"ቤት አሉ ጋሼ።"

"ዓርብ ማታ ይዘሃቸው ና። የመግጠሚያ አላስከፍልህም።"