ለሚያብጥ ድድ እንክብል ብቻ እየሰጡ መሸኘት እስከ መቼ?

የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ ሲወጣ ድዱ የሚያብጥበት ሰው የሚደርስበትን ሥቃይ በከተማችን በጎንደር በቁም ነገር የሚያየው ሰው አላገኘሁም። ብሶቴን በአደባባይ የምጽፈውም ስለዚህ ነው። «ጥርስ ነው፤ ያልፋል» ይሉናል። አዎ፣ ለጊዜው ያልፋል፤ ጥቂት ቆይቶም ተመልሶ ይመጣል። በመጣ ቁጥር አፍ እንደ ልብ አይከፈትም፣ ምራቅ መዋጥ ጭንቅ ይሆናል፣ ሕመሙ ወደ ጆሮና ወደ ጉሮሮ ይዘልቃል፣ ከአፍ የሚወጣው መጥፎ ጠረን ሰው አጠገብ ለመቀመጥ ያሳቅቃል። እንጀራ መጉረስ ቀርቶ አጥሚት እንኳ በጭንቅ ነው የሚወርደው። ባለፈው ጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሁሉ አደባባዩን ሞልቶት ሳለ፣ እኔ ያበጠ ጉንጬን በነጠላ ሸፍኜ ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ በበዓል ቀን ክፍት የጥርስ ክሊኒክ ፈልጎ ማግኘትም የማይታሰብ ነበር።

የሚያንገበግበኝ የሕመሙ መክፋት ብቻ አይደለም፤ መንስኤው በደንብ የታወቀ ሆኖ ሳለ መንስኤውን የሚነካ ሰው መጥፋቱ ነው። ይህ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይወጣል፤ መንጋጋው ላይ በቂ ቦታ ሲያጣ ደግሞ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ድድ ውስጥ ይቀራል። በላዩ ላይ የሚቀረው የድድ ሽፋን እንደ ኪስ ሆኖ የምግብ ትርፍራፊ ይይዛል፣ ብሩሽ ስለማይደርስበትም ተሕዋስያን ይራቡበታል፣ ድዱም ይቆጣል። በተለይ የታችኛው መንጋጋ ላይ ሲሆን፣ አፍ በተገጠመ ቁጥር የላይኛው ጥርስ ያበጠውን ድድ እየነከሰ ቁስሉን ያባብሰዋል። እንግዲህ ችግሩ ያለው ከሽፋኑ ሥር ነው። ከሥሩ ያለው ቆሻሻ ታጥቦ እስካልወጣ ድረስ በአፍ የሚዋጠው መድኃኒት ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል?

ይሁን እንጂ ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ፣ የገባሁባቸው መድኃኒት ቤቶች መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ «አሞክሲሲሊን ልስጥዎት? ማስታገሻም ይጨመር?» አፌን ከፍቼ እንዳሳይ የጠየቀኝ የለም፤ ትኩሳት እንዳለኝም አልተጠየቅሁም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ እንደሌለበት ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ፤ ሆኖም እንደ ከረሜላ ይሸጣል። መድኃኒቱ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ትኩሳት ሲኖር፣ እብጠቱ ወደ ፊት ወይም ወደ አንገት ሲዛመት፣ አፍ አልከፈት ሲል ሐኪም ሊያዝዘው ይገባል። ለማንኛውም የድድ እብጠት መስጠት ግን ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲለምዱ ማድረግ ነው፤ ነገ በእውነት ስንታመም የሚያድነን እንዳናጣ እሰጋለሁ።

ክሊኒክ ስሄድ ደግሞ «አሁን አብጧል፣ እብጠቱ ሲቀንስ ይምጡ» ተብዬ ለካርድ የከፈልኩትን ገንዘብ አጥቼ ተመለስኩ። ጥርሱን በዚያው ሰዓት ላለመንቀል በቂ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል እረዳለሁ። ግን ከድዱ ሽፋን ሥር ጫፉ በደነዘዘ መርፌና በስሪንጅ ለብ ያለ የጨው ውሃ ወይም ክሎርሄክሲዲን የተባለውን ተሕዋስያን የሚገድል የአፍ ማጠቢያ እያስገቡ ማጠብ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፣ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። የሕክምናው መጀመሪያ ይኸው ሆኖ ሳለ ታማሚን ባዶ እጁን መሸኘት ምን ይባላል? እብጠቱ ሲቀንስ ስመለስ ደግሞ የጥርሱ ሥር ከታችኛው መንጋጋ ነርቭ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ሰፊ የመንጋጋ ራጅ ሌላ ቦታ እንዲነሣ ተነገረኝ፤ ወረፋው ሳይደርስ ድዱ እንደገና አበጠ።

በዚህ መካከል ክፍተቱን የሚሞላው የሠፈር ምክር ነው። እትዬዎቹ ከርኅራኄ የተነሣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ ያዥበት፣ በአረቄ ተጉመጥመጪ፣ አስፕሪን ሰባብረሽ ድዱ ላይ አድርጊበት ይላሉ። እነርሱን አልወቅስም፤ ባለሙያው ዝም ሲል ሰው የሚያውቀውን ይናገራል። ቅርንፉድ ለጥቂት ሰዓት ሕመሙን ያደነዝዛል፤ አስፕሪኑና ነጭ ሽንኩርቱ ግን የቆሰለውን ድድ ጭራሽ ያቃጥሉታል። በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በቀን ደጋግሞ መጉመጥመጥ፣ ለስላሳ ብሩሽ እየተጠቀሙ እስከ መጨረሻው ጥርስ ድረስ ማጽዳት የተሻለ ነው፤ ይህን የነገረኝ ግን መድኃኒት ከሸጡልኝ ሰዎች አንድም የለም። ጨጓራ ለሚያመው ሰው አይቡፕሮፌን የተባለው ማስታገሻ እንደማይስማማውም ሳይጠይቁ ነው የሚሰጡት፤ ጨጓራ የማያመው ሰው ደግሞ በእኛ ዘንድ ስንት ነው?

እኔ ከተማ ውስጥ ሆኜ እንዲህ ከተንገላታሁ፣ ከጭልጋ ወይም ከአርማጭሆ ገጠር ቀበሌ ተነሥቶ የሚመጣው ገበሬ ምን ይሁን? ችላ የተባለ የመንጋጋ ኢንፌክሽን ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ወርዶ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል። ከአገጭ ሥር የጠነከረ እብጠት፣ የመተንፈስ ወይም የመዋጥ ችግር የታየበት ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። ይህን በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ በአንድ ወረቀት ጽፎ መለጠፍ ስንት ብር ያስወጣል? እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲሠለጥንባት በኖረች ከተማ ይህን መጠየቅ ብዙ ነው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ሆይ፣ እንክብሉን ከመስጠታችሁ በፊት ትኩሳቱን፣ የአንገቱን እብጠት፣ የጨጓራውን ነገር ጠይቁን፤ የጨው ውሃውንም ንገሩን። የጥርስ ሐኪሞች ሆይ፣ መንቀሉ ለሌላ ቀን ቢቆይም እንኳ ዛሬ አጥባችሁ ላኩን።