«የራሳቸውን ሰዎች»

ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ የአሜሪካን የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ኃላፊ ኤሪካ ማክኤንታርፈርን አባረሩ። ቢሮው ያወጣው ቁጥር አላስደሰታቸውም። በወሩ የተፈጠረው አዲስ ሥራ 73 ሺህ ብቻ ሆነ። የሁለቱ ቀዳሚ ወራት ቁጥርም በ258 ሺህ ዝቅ ተደረገ። ትራምፕ ቁጥሩ ተጭበርብሯል አሉ። ማስረጃ አላቀረቡም።

እኔን ያናደደኝ ግን ከሁለት ቀን በኋላ የመጣው ማስተባበያ ነው። የኢኮኖሚ አማካሪያቸው ኬቪን ሃሴት ቴሌቪዥን ላይ ቀረቡና፣ ፕሬዚዳንቱ እዚያ ቦታ «የራሳቸውን ሰዎች» የሚፈልጉት ቁጥሩ ይበልጥ ግልጽና አስተማማኝ እንዲሆን ነው አሉ።

የራሳቸውን ሰዎች! ይህን ቃል እኛ አሳምረን እናውቀዋለን። ጉዳይ ሲገጥመን መጀመሪያ የምንጠይቀው «እዚያ ቢሮ ሰው አለህ?» ብለን አይደል? አንድ ጊዜ ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሦስት ቀን ተመላለስኩ። «ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ገብቷል» ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ የቆመች ሴት ስልኳን በመስኮቱ አቀበለች። ልጁ ትንሽ ሰማ፣ «እሺ ጋሼ» አለ፣ መሳቢያውን ከፈተ። ማኅተሙ እዚያው ነበር! ማኅተሙ የመንግሥት ነው። መሳቢያው ግን የጋሼ ሆኗል።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማክስ ዌበር የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ የጻፈው ስለዚሁ ነው። ገዥ ሥልጣኑን እንደ ቤቱ ዕቃ፣ ሹሙን እንደ ቤቱ አሽከር ሲያይ። አሽከር ደግሞ ለጌታው ክፉ ወሬ አያመጣም። ታዲያ ቁጥሩ በምን ተአምር ነው የበለጠ አስተማማኝ የሚሆነው? ኃላፊዋ ቁጥሩን ቁጭ ብለው አይፈጥሩትም። 121 ሺህ ገደማ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ይጠየቃሉ። አንዳንዱ ዘግይቶ ይመልሳል፣ ሲመልስ የፊቱ ቁጥር ይታረማል። በቃ። የሚመልሱት እየቀነሱ መምጣታቸው እውነት ነው። እሱ የሚስተካከለው ግን በበጀትና በባለሙያ ነው። ቀደም ሲል ትራምፕ ራሳቸው ለዚሁ ወንበር የሾሟቸው ዊልያም ቢች እንኳ ስንብቱን መሠረተ ቢስ ብለውታል።

«ተመርጠዋል፣ ያሻቸውን ይሹሙ» የሚለኝ አለ። አሜሪካ ይህን ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን የገደላቸው ሹመት ይገባኛል ብሎ ደጅ ሲጠና የከረመ ሰው ነበር። በ1883 የመንግሥት ሥራ በፈተና ይሰጥ የሚለው ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ወደ ደጅ ጥናቱ እየተመለሱ ነው።

ኩባንያዎቹም ያው ናቸው። ሃሴት ያን በተናገሩ በነጋታው፣ ሐምሌ 28፣ የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹ የቴስላ ቦርድ ለዋና ሥራ አስፈጻሚው ለኢሎን ማስክ 29 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ 96 ሚሊዮን አክሲዮን ሰጠ። ወንድምየው ኪምባል የዚያ ቦርድ አባል ነው። የሕዝብ አክሲዮን ያለበት ኩባንያ እንዲህ የቤተሰብ ጓዳ ይሆናል?

የሚቀጥለው የሥራ ቁጥር በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ወጣ። አንድ ቀን የራሳቸው ሰው ጥሩ ቁጥር ይዞ ይመጣል። እውነት ቢሆን እንኳ አላምነውም። ያሳጡኝ ይህንን ነው።