ኦሮራ ካፒቶሉን ምን ትጠይቅ? ባለቤቱና ተከራይዋ

በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የኮሎራዶ ሕግ አውጪዎች፣ 65ቱ ከታችኛው ምክር ቤት 35ቱ ከሴኔት፣ ዴንቨር ካፒቶሉ ውስጥ ለ120 ቀን ይቀመጣሉ። ከዛ በፊት ከተሞች «ይሄን አድርጉልን፣ ያኛውን አትንኩብን» የሚል ዝርዝራቸውን ያዘጋጃሉ። የዴንቨር ጎረቤት ኦሮራም እንደዛው ናት። በ2010 ቆጠራ 325,078 ሰው የነበረባት ከተማ በ2020 386,261 ሆናለች፣ ከነዚህ ውስጥ እኛ ሀበሾችም ቀላል አይደለንም። ስለዚህ ሁለት ሰው አከራከርን። አንዱ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲና ኡበር የነዱ፣ ደቡብ ምሥራቅ ኦሮራ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው፣ «ባለቤቱ» እንበላቸው። ሌላዋ የማታ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ናት፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ተከራይታ ትኖራለች። ጥያቄው፦ ከተማችን ከስቴቱ ከሁሉ በፊት የምትጠይቀው «ሥልጣናችንን ተዉልን» ነው ወይስ «ቤት እንድንሠራ አስገድዱን»?

ባለቤቱ፦ እኔን ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፍ ብትሉኝ «እጃችሁን አንሱ» ብዬ ነው የምጽፈው። በ2024 ያወጧቸውን ሕጎች እዩ እስኪ። አንደኛው ከጁን 30 2025 ጀምሮ ደህና ባስ ወይ ባቡር ካለበት መስመር ሩብ ማይል ውስጥ አፓርትመንት ሲሠራ ከተማው «ለዚህን ያህል ቤት ይሄን ያህል ፓርኪንግ» ብሎ ማስገደድ አይችልም ይላል። ሌላኛው ደግሞ ትራንዚት ያለበትን አካባቢ በአማካይ በኤከር 40 ቤት እንዲይዝ አድርጋችሁ ዞኒንጉን፣ የት ምን ይሠራ የሚለውን ደንብ፣ ቀይሩ ይላል። ማን ጠየቃቸው? የኮሎራዶ ሕገ መንግሥት እኮ ከ1902 ጀምሮ ለከተሞች ሆም ሩል የሚባል ራስን የማስተዳደር መብት ሰጥቷል፣ የራሳችንን ጉዳይ ራሳችን እንወስናለን ማለት ነው። የስቴቱ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ ሜይ 2025 ላይ እነዚህን ሕጎች ያላከበረ ከተማ ከስቴቱ ግራንት (የድጋፍ ብር) ላያገኝ ይችላል አይነት ትእዛዝ ሲያወጣ ኦሮራ ከአርቫዳ፣ ከዌስትሚንስተር፣ ከላፋየት፣ ከግሌንዴልና ከግሪንውድ ቪሌጅ ጋር ሆና በቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄደች፣ ደግ አደረገች።

አሁን ፓርኪንግ ቀልድ የሚመስለው ሰው ካለ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም ማለት ነው። አንድ ወዳጃችን እናቱ አገር ቤት አርፈውበት ልንደርስ ሄድን፣ አፓርትመንቱን ሦስት ጊዜ ዞርኩት፣ ባለቤቴ ድስቱን በነጠላ ጠቅልላ ወርዳ በእግሯ ገባች፣ እኔ ጓሮ በኩል አንድ ቦታ አግኝቼ አቆምኩ፣ ስወጣ መኪናዋ ተጎትታለች። 300 ዶላር። ለቅሶ ሄጄ አልቅሼ መጣሁ።

ተከራይዋ፦ ጋሼ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ያ አፓርትመንት መቼ ነው የተሠራው? ከ2025 በፊት ከሆነ እኮ ከተማው ፓርኪንግ በሚያስገድድበት ዘመን የተሠራ ነው። የሚሉት ደንብ እያለ ነው መኪናዎ የተጎተተችው። ደሞ አዲሱ ሕግ ፓርኪንግ አይሠራ አላለም፣ ከተማው አያስገድድ ነው ያለው፣ ሰው ይፈልጋል ብሎ ያሰበ ደቨሎፐር ይሠራዋል።

እኔ መኪና የለኝም። ሥራ የምሄደው በ15 ቁጥር ባስ ነው፣ ማለዳ ስመለስ የግቢያችን ፓርኪንግ አንዱ ጥግ ሁሌ ባዶ ነው፣ በረዶው እንኳን ሳይረገጥ ይቆያል። አስፋልቱ ግን በነጻ አልተነጠፈም፣ ያ ወጪ ሬንቴ ውስጥ አለ፣ ለሌለኝ መኪና ቦታ እየከፈልኩ ነው ማለት ነው። ባለፈው ሊዝ ሲታደስ በሬ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ያገኘሁትን ወረቀት ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ቁጥሩን የተሳሳትኩ መስሎኝ።

እና «እጃችሁን አንሱ» ሲሉ እኔ ምን እንደማስብ ልንገርዎት? አከራይ ከሁለት ወር ሬንት በላይ ዲፖዚት እንዳይጠይቅ ያደረገው ማነው? ስቴቱ፣ በ2023። ያለ ምክንያት ውጪ እንዳልባል ያደረገውስ? እሱም ስቴቱ፣ በ2024። ከተማው ነው ይሄን የሰጠኝ?

ባለቤቱ፦ የተከራይ ጥበቃ ሌላ ነው ልጄ፣ አልጠላሁትም፣ እኔም ተከራይቼ ነው ያደግኩት። እኔ የምለው መሬቱ ላይ ምን እንደሚሠራ ዴንቨር የተቀመጠ ሰው አያውቅም ነው። ውሃን ውሰጂ። ኦሮራ ውሃዋን ከተራራ ማዶ ጭምር ነው የምታመጣው፣ በ2010 ደግሞ ፕሬሪ ዋተርስ የሚባለውን ፕሮጀክት ሥራ አስጀምራ፣ የተጠቀምነውን ውሃ ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ዳር መልሳ ስባ የምታጣራ ከተማ ናት። በ2022 አዲስ በሚሠራ ሰፈር ለዓይን ብቻ የሚተከል ሣር በዚህ አይቀጥልም ብላ ገደበች፣ ስቴቱ ተመሳሳዩን ሕግ ያወጣው በ2024 ነው። ሁለት ዓመት ዘግይቶ። ማን ከማን ይማር?

ተከራይዋ፦ እዚች ላይ አልከራከርዎትም፣ ኦሮራ በውሃ ጎበዝ ናት። ግን የሣሩ ነገር ለኔ ነው የሚመሰክረው፣ ውሃ የሚጠጣው እኮ ግቢ ነው፣ አፓርትመንት ላይ ያለ ቤተሰብ ምን ሣር አለው? ውሃ ካሳሰበን ባቡር አጠገብ ፎቅ መሥራት ነው የሚያዋጣው እንጂ ወደ ምሥራቅ ሜዳው ላይ አንድ ቤት አንድ ግቢ እያልን ካንሳስ እስክንደርስ መስፋት አይደለም።

ደሞ ሆም ሩል ሆም ሩል ካሉኝ አይቀር፣ ከተሞች ሬንት እንዳይቆጣጠሩ የከለከለው የ1981ዱ ሕግስ? ቦልደር ላይ ሰዎች ሙከራ ጀምረው ነበር፣ ስቴቱ ለሁሉም ከተማ ዘጋው። በ2023 ክልከላውን እናንሳ፣ እያንዳንዱ ከተማ ራሱ ይወስን የሚል ረቂቅ መጥቶ ሴኔት ኮሚቴ ላይ ሞተ። ያኔ «የራሳችንን ጉዳይ ራሳችን» ሲሉ የሰማሁት ባለ ቤት የለም። ሥልጣን ለከተማ የሚባለው ለፓርኪንግ ብቻ ነው እንዴ ጋሼ?

ባለቤቱ፦ እሺ፣ ይቺ ያዘችኝ። እውነት ለመናገር አላሰብኩበትም ነበር። መርሁ መርህ ከሆነ አዎ፣ ያም ይነሳ፣ ዝርዝሩ ላይ ይግባ። ኦሮራ ላይ ለድምፅ ሲቀርብ ግን እኔ ተቃውሜ ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ሬንት ሲታሰር የሚሠራ ይጠፋል፣ አሮጌውም ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግነው የለም። ግን እኔው ልቃወመው፣ ዴንቨር አትቃወምልኝ።

(ዴንቨር ስል ደሞ ትዝ አለኝ፣ እህት ከተማ ሲመርጡ እንኳን እነሱ አክሱምን ወሰዱ፣ ለኛ አዳማ ደረሰን። ግን አዳማ እኮ እኛን ነው የምትመስለው፣ ከትልቁ ከተማ ጎን ሆና ማንም ሳያያት የምትሰፋ።)

ነገር ግን አንቺም ያላየሽው አለ። «ትራንዚት አጠገብ ሥሩ» ይላሉ፣ የታለ ትራንዚቱ? አር ላይን የሚባለው የባቡር መስመር በ2017 ሲከፈት ደስ ብሎን ነበር፣ አሁን አንዱ ካመለጠሽ ሌላው እስኪመጣ ቁጭ ብለሽ ጾም ትፈቻለሽ። ባቡሩን የሚያስተዳድረው አርቲዲ ደግሞ በ1969 በስቴቱ ሕግ የተቋቋመ ነው፣ የከተማው አይደለም። እኔ ካውንስል ሄጄ ስለ ባቡር ብጮህ «እኛ አይደለንም» ነው የሚሉኝ። ታዲያ ስቴቱ የራሱን ባቡር ሳያስተካክል በዛ ባቡር ተማምናችሁ ፓርኪንግ አትጠይቁ ሲለን ምን ማለት ነው? ሰው መኪና ይዞ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ያቆማል፣ ከጎረቤት ይጣላል።

ተከራይዋ፦ ይሄ ትክክል ነው። እኔ በየቀኑ የምኖረው ነው፣ 15 ቁጥርም ቢሆን በበረዶ ቀን መጣች ሲሉህ የለችም፣ ስልኩ ላይ 4 ደቂቃ ይላል፣ ከ4 ደቂቃ በኋላም 4 ደቂቃ ይላል። ኮልፋክስ ላይ የፈጣን ባሱን መንገድ ኦክቶበር 2024 ዴንቨር በኩል መቆፈር ጀምረዋል፣ እስከኛ 225 ሀይዌይ ድረስ ይመጣል ነው የሚባለው፣ እሱ እስኪመጣ ግን ብርድ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ግን ጋሼ፣ ባቡሩ እስኪስተካከል ቤት አይሠራ ማለት አይሆንልኝም። ሰው ከሌለ አርቲዲ ባስ አይጨምርም፣ ባስ ከሌለ ደሞ እርስዎ ሰው አይምጣ ይላሉ፣ እንደዚህ ስንዞር እኔ 50 ዓመት ይሞላኛል። ስለዚህ ሁለቱም አንድ ላይ ይጠየቅ፣ የቤቱ ሕግ ይቀጥል፣ ክሱ ይቁም፣ ኦሮራ ለጠበቃ የምትከፍለውን ይዛ ካፒቶሉ ሄዳ «እሺ እንሠራለን፣ እናንተም ባቡሩን አምጡ፣ ለውሃና ለፍሳሽ መስመሩም ብር አምጡ» ትበል። ገበያ ላይ እንኳን የሚሸጡት ነገር ሲኖርዎት ነው ዋጋ የሚጠይቁት።

ባለቤቱ፦ ክሱ ይቁም የሚለውን አልቀበልም። ክስ እኮ መደራደሪያ ነው፣ ዱላውን ጥለሽ ገበያ ብትወጪ ማን ይሰማሻል። ባቡሩና ቧንቧው ግን አንደኛ ይሁን ካልሽ እሺ፣ ከ«እጃችሁን አንሱ»ም በላይ ይጻፍ። ይሄን ጠዋት ብትጠይቂኝ አልልም ነበር።

ተከራይዋ፦ እንግዲያው ይምጡና ይናገሩት። ካፒቶሉ ላይ በእያንዳንዱ ረቂቅ ኮሚቴ ፊት ማንም ሰው ቀርቦ መናገር ይችላል፣ ስም ማስመዝገብ ብቻ ነው። የአርቲዲ ነገር ሲመጣ እኔ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ እሄዳለሁ።

ባለቤቱ፦ መጣሁ፣ ምን ችግር አለው። ከሥራ ስትወጪ በመኪና እወስድሻለሁ።

ተከራይዋ፦ እዛ ጋ ፓርኪንግ የለም ጋሼ። በ15 እንሂድ፣ በሩ ላይ ነው የምታወርደን።