ፋይበሩ ተሰረዘ፣ መጥረጊያው ቀረ

ሰሞኑን በአሮጌ የኮንክሪት አውራ ጎዳና ላይ ሊደረብ ከታቀደ ንጣፍ ዲዛይን፣ ከኮንክሪቱ ጋር ሊቀላቀል የነበረው የብረት ፋይበር ተሰርዟል። ምክንያቱ? «ይዝጋል፤ እየወጣም ጎማ ይበሳል።»

ይህን ያለ ሰው ፋይበር በእጁ ይዞ አያውቅም። ውፍረቱ ቢበዛ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ የታጠፈ ቁራጭ ሽቦ ነው። ላይ ላዩን የቀረው ይዝጋል፤ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል፤ በቃ። ቁራጮቹ እንደ ፌሮ ስላልተያያዙ ዝገቱ ከአንዱ ወደ ሌላው አይዘልቅም። ፋይበር ተነቅሎ የሚቆመው ገጹ እንዲሻክር እርጥብ ኮንክሪት ላይ ጆንያ ሲጎተት ነው። ጆንያውን ተዉት፤ ኮንክሪቱ ሲጠነክር የሚያሻክረውን መስመር በመጋዝ አውጡ።

«ስንጥቅን አይከለክልም» ይላሉ ደግሞ። ማን ይከለክላል አለ? በሜትር ኪዩብ 30 ወይም 40 ኪሎ ፋይበር ኮንክሪቱ የሚሰነጠቅበትን ጭነት እምብዛም አይለውጥም። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የተደረበ ንጣፍ በአብዛኛው መላቀቅ የሚጀምረው ከመጋጠሚያ፣ ከጠርዝና ከስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ሲከፈት፣ ንጣፉ ሲኮማተር የሚመጣው ጉተታ እዚያው ከሥር፣ አዲሱ ከነባሩ ኮንክሪት ጋር በተጣበቀበት መገናኛ ላይ ይወድቃል፤ ጠርዙ ይነሣል፣ ውሃ ይገባል፣ ጎማ ባለፈ ቁጥር ይደበደባል። ፋይበሩ ሁለቱን ወገን ሰፍቶ ከያዘ ግን የጉተታው ከፊል ስንጥቁን ተሻግሮ ያልፋል፤ መገናኛው እፎይ ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ኪሎ ገባ ሳይሆን፣ ከተሰነጠቀ በኋላ ስንት ሜጋ ፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ተሸከመ ነው። በአውሮፓው ኢኤን 14651 ፍተሻ፣ ናሙናው ታጥፎ ስንጥቁ እየሰፋ ሲሄድ ይለካል። በኪሎ ብቻ የሚገዛ ሰው ሽቦ ገዛ እንጂ ጥንካሬ አልገዛም።

እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተደረቡ ስስ የፋይበር ንጣፎች ማዕዘናቸው ተቆልምሞ ተሰብሯል። ሲሚንቶው የበዛ፣ መጋጠሚያው የተራራቀ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ለፋይበሩ ተሰጠ።

«ሚክሰር ውስጥ ይቋጠራል» ለሚሉትም፦ ጠጠሩ ሳይገባ ባዶ ከበሮ ውስጥ ፋይበር አትገልብጡ፤ በትንሽ በትንሹ ይግባ። ድብልቁ ሲደርቅባችሁም ማለስለሻ ኬሚካል እንጂ ውሃ አትጨምሩ።

ፋይበሩን የሰረዘው እስክሪብቶ ግን «ነባሩ ገጽ ከሚሊንግ (በማሽን ከመፋቅ) በኋላ በመጥረጊያ ይጸዳል» የሚለውን መስመር አልነካም። ሚሊንግ የሚተወውን የላላና በጥቃቅኑ የተሰነጣጠቀ ሽፋን የሚያነሣው የብረት እንክብል ድብደባ ወይም ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ነው። ከ1 ሜጋ ፓስካል በታች በሆነ ጉተታ በሚላቀቅ ገጽ ላይ ፋይበር ያለውም የሌለውም እኩል ይነሣል።