ገበሬውን ተዉትና ሚዛኑን እዩ

ሰሞኑን እዚሁ ጅማ በተካሄደ የሥልጠና መድረክ አንድ ባለሙያ «ገበሬው ወደ ኦርጋኒክ፣ ማለትም ያለ ኬሚካል ወደሚታረስ እርሻ የማይገባው የግንዛቤ እጥረት ስላለበት ነው» ሲሉ ሰማሁ። ቀጥለውም «ዩሪያ ለምዶ ሰንፏል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ።

ሰነፈ? ለመሆኑ ዩሪያን ማን አስለመደው? ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ማዳበሪያ በብድር ውሰድ» እየተባለ የተወተወተ ሰው ነው። የወሰደ ሞዴል ተባለ፤ ያልወሰደ ኋላ ቀር። ዛሬ ደግሞ የወሰደው ጥፋተኛ ሆኖ አረፈው! ከብቱን የበቆሎ ማሳው ላይ እያሳደረ፣ በረቱን በየጊዜው እያዛወረ መሬቱን በፍግ የሚያደልብ ገበሬ ስለ ተፈጥሮ ማዳበሪያ ከፓወርፖይንት ይማር?

ቡናውንማ ተዉት። ጌራ ወረዳ ጫካ ውስጥ የሚለቀመው ቡና ከድሮም ኬሚካል አያውቅም። የጎደለው ኦርጋኒክ መሆኑን የሚመሰክረው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ደግሞ ጣጣ አለው። በአውሮፓ ደንብ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል ወደ ኦርጋኒክ የመሸጋገሪያው ጊዜ በመደበኛው 3 ዓመት ነው። እስከዚያ ገበሬው በኦርጋኒክ ሕግ ያመርታል፣ በተራ ዋጋ ይሸጣል። በጅማ ዝናብ አረሙ መች ያርፋል? ፀረ አረም መድኃኒት የለመደው እሱን ትቶ በእጅ ለማረም የቀን ሠራተኛ መቅጠር አለበት። ሰርተፍኬቱም ብዙውን ጊዜ በእሱ ስም አይወጣም፤ የሚይዘው የታቀፈበት የገበሬዎች ማኅበር ነው። ለሌላ ልሽጥ ቢል የለፋበት «ኦርጋኒክ» የሚል ስም አብሮት አይሄድም።

ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ እሸቱ ሲቀላ ቡና ሰብሳቢው ነጋዴ ሚዛኑን ይዞ ደጃፍ ይደርሳል። መዝኖ፣ ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል። ማኅበሩ ለኦርጋኒክ ቡና የሚከፍለው ጭማሪ ግን የሚመጣው፣ ከመጣ፣ ቡናው ተሸጦ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ነው። የልጅ ደብተርና የሐኪም ቤት ወጪ ሒሳብ እስኪዘጋ አይጠብቅም። ጎማ ወረዳ ውስጥ አንድ ቡና አምራች አባት ስለዚህ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ማኅበሩ ይጨምርልኛል፤ እሺ። መቼ?» አሉኝ። ግንዛቤ የሌላቸው እኚህ ናቸው እንግዲህ! ቡናውን ነቅሎ ጫት የሚተክለውም ሌላ ምሥጢር የለውም። ጫት በዓመት ደጋግሞ፣ እጅ በእጅ ይከፍላል።

ሥልጠና አይጠቅምም አልልም። ኮምፖስት ክረምት ላይ እንዴት እንደሚሸፈን ማሳየት ደግ ነው። ግን የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ስንት ዓመቱ? ዛሬም የሚመከረው ገበሬው ብቻ ነው። ገዢውን ማን መከረ?

በሚቀጥለው መድረክ ቡና ላኪዎቹና የማኅበራቱ ዩኒየን ኃላፊዎች ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡልን። በኪሎ ስንት እንደሚጨምሩና በየትኛው ወር እንደሚከፍሉ እሸቱ ሳይቀላ በየማኅበሩ በር ላይ ይለጥፉ። ያኔም እምቢ የሚል ገበሬ ከተገኘ፣ እኚያን ባለሙያ ራሴ በባጃጅ ደጃፉ ድረስ አደርሳቸዋለሁ።